ሰባት ፌርማታ

ኩና የአውሬ ስም ነው፤ ወዳጁ ጨለማ፣
ዶሮ ቤት ሲገባ ኮሽታ የማያሰማ።
እኛ አገር ገንዘቡን በእሱ ስም ጠራነው፤
ስሙን ያወጣው ሰው ደመወዝተኛ ነው።
በመባቻ ይመጣል፤ ጠረጴዛ ላይ ያድራል፤
ሲነጋ የእግሩ ዱካ ብቻውን ይቀራል።

ስሜ ዱብራቭካ ነው፤ ሰፈሬ ትሬሽኒየቭካ፣
የዛግሬብ ጥግ ነው፣ ጓሮው ከሐዲዱ የሚነካካ።
ባሌ ቭየኮ ግንበኛ ነው፤ አምስት ወር ሠራና
ደመወዙ ተስፋ ሆነ፣ ተስፋውም ደመና።
"በሚቀጥለው ሳምንት" ይላል ኩባንያው፤
የሚቀጥለው ሳምንት ጠፍቶበታል መሰል የቤታችን መምጫው።
እኔ ነኝ እንግዲህ ወሩን የምጠቅመው፤
ሐሙስን ከዓርቡ ሰፍቼ የማቆመው።

ገበያ የምሄደው ሻጮቹ ሲያነሱ፣
መብራት ሲበራ ነው፣ ዋጋዎች ሲያንሱ።
"ላይዋ ቢጠቁርም ልቧ ነጭ ነው" እያልኩ
ስንቷን ጥቅል ጎመን ከሞት አስመለስኩ!
የትናንቱ ዳቦ በወተት ይርሳል፤
በሦስተኛው ቀን ሾርባ ላይ ይነግሣል።
በጭስ የደረቀ አንድ አጥንት ሦስት ድስት ያበስላል፤
በሦስተኛው ድስት የአጥንቱ ወሬ ይበላል።

ማታ ሁሉ ሲተኛ የብስኩት ቆርቆሮውን
አወርዳለሁ፤ እቆጥራለሁ ሳንቲም ሳንቲሙን።
በልጄ አሮጌ ደብተር ጀርባ እጽፋለሁ፦
ሳሙና፣ ጨው፣ ማገዶ። ከዚያ እቀንሳለሁ።
ሒሳብ ሁሌም ይጎድላል፤ ጉድለትን ለምጃታለሁ፤
እንደ አማት ናት፤ የምትቀመጥበትን ወንበር አውቃለሁ።

ኅዳር ላይ ግን ሒሳቡ አበደ፤
ስድስት ኩና ተረፈ። ልቤ ወደ ሆዴ ወረደ።
በሳምንቱ ቆጠርኩት፤ ሆነ አሥራ ሁለት።
የጎደለን ሌባ ወሰደው ይባላል፤ የተረፈን ምን ይሉት?
ባሌን ጠረጠርኩት፦ ማታ ማታ የት ነው?
(ሚስት ነኝ፤ ገንዘብ ሲመጣም የሚታየኝ ጥፋት ነው።)
"አንተ ነህ?" አልኩት። ኪሱን ገለበጠ፤
አንድ ጎባጣ ሚስማር ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ።

በረዶ በጣለ ቀን ያጎዳ ዘግይታ ገባች።
አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። "አልበረደኝም" አለች፣
ማንም ሳይጠይቃት።
ካልሲዋን ምድጃው ላይ ሰቀልኩ፤ ውሃው ተንጠባጠበ።
ጫማዋን አነሳሁ፤ ሶሉ እስከ ተረከዙ ተሰነጠቀ፣ ተቦረቦረ፣
ውስጡ ጋዜጣ ታጥፎ ነበረ፦
የእኔው ጋዜጣ፣ ያ ቅናሽ ዋጋ የማሰምርበት፣
ዱቄትና ስኳሩ በእርሳስ የተከበበበት።

"ሰባት ፌርማታ ብቻ ነው" አለች። "እኔ አልደከመኝም።"
የትራሟን ሳንቲም ቆርቆሮዬ ውስጥ ስትጥል ማንም አላያትም።
"ማን አስተማረሽ ይህን?" ጮኽኩ።
"ከትራሙ መስኮት አየሁሽ፤
ጎመን በጀርባሽ ተሸክመሽ፣ ከሐዲዱ ዳር በእግርሽ።
በቀጣዩ ፌርማታ ወረድኩ።"
"ለምን አልጠራሽኝም ታዲያ?"
ካልሲዎቹን አየች።
"ታፍሪያለሽ ብዬ ነዋ።"

ጫማ ጠጋኙ ሽማግሌ፣ ድራጉቲን፣
ገልብጦ መረመረው ጥንዱን ጫማችንን።
"ሃያ ዘጠኝ" አለ። ትርፉ ሃያ አራት ነበር።
አምስት ጎደለ። እፎይ! ጉድለት ተመልሳ ተቀመጠች ከወንበር።

ማታ ጻፍኩት፦ ሶል፣ ጨው፣ የማገዶ ዕዳ፣ ትራም።
ከበታቹ አንድ መስመር ባዶ ተውኩ፤ ለምን እንደሆን አልጻፍኩም።

በማግስቱ ከገበያ በትራም ተመለስን፣ እኔና ልጄ፤
ጎመኗ ጭኗ ላይ፣ እጇ በእጄ።
ሰባቱንም ፌርማታ ጮክ ብለን ቆጠርን።
ውድ ነበር።